አባ ዘካርያስን ያሳሰረው የውሰት ካባ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን እነግራቸዋለሁና ይስቁብኛል። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ነው፤ ዘመቻ የወጡት ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። ወሩን ግን አልስተውም። ኅዳር ነበር፤ በአጋሮ መንገድ ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቶ ሰው ሁሉ ቅርጫት አንግቶ ነበርና። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ፊደሌ ሊጣመም ይችላል። ነገሩ ግን የሆነው እንደምነግራችሁ ነው፤ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። የጊቤን ወንዝ ተሻግረው የማያውቁ የእንድብር ሰዎች ያንብቡት ብዬ ነው የምጽፈው።

አባ ዘካርያስ የጎረቤታችን ልጅ ነበሩ። ያኔ ስማቸው ነርጋ ነው። እንሰት አብረን ተክለናል፣ አንድ ከብት አብረን ጠብቀናል። እሳቸውን የካቶሊክ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አስገባቸው፤ እኔ አባቴ ሞቶ ስለነበር ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት ቀረሁ። ነርጋ ተምረው ካህን ሆኑና ጊቤን ተሻግረው ሄዱ። እዚያ ደግሞ መንገድ በሌለበት በእግራቸው እየዞሩ አስተማሩ፤ ክሊኒክ ሲያሠሩ ጭቃውን ራሳቸው ያቦኩ ነበር። በመጨረሻ በጅማ አካባቢ ባሉት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ላይ አለቃ ሆነው ተሾሙ። ሹመት ቢባልም ከአንድ ጥንድ ጫማ በላይ አይቼባቸው አላውቅም። ለመስቀል አገር ቤት ሲመጡ ወንድማቸው ቤት ጅባ ምንጣፍ ላይ ይተኙ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እኔ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጠባቂና ደወል ደዋይ ነበርኩ። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። «የአባ ዘካርያስን የሕይወት ታሪክ እየሰበሰብን ነው» አሉኝ። እኔ ለክብራቸው መሰለኝ። በእኛ አገር ስለ ትልቅ ሰው እንግዳ ሲጠይቅህ ሰውየውን በከበረበት ቀን አድርገህ ታሳያለህ፤ አሳንሶ ማሳየት ነውር ነው። ከግድግዳዬ ላይ ፎቶግራፍ አወረድኩላቸው። አባ ዘካርያስ ወርቀ ዘቦ ካባ ለብሰው፣ በተሸለመች በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ከቧቸው። አጋሮ ላይ የተነሡት ነው።

«በቅሎዋን አያችኋት?» አልኩ፤ አፌን ምነው በቆረጠው! «እንዲህ ያለች በቅሎ ደጃዝማች እንኳ አልነበረውም!»

ሰዎቹ ተያዩና ፎቶግራፉን ይዘው ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቄሳችን ጠሩኝ። አባ ዘካርያስ ጅማ ላይ ታስረዋል፤ ወንጀላቸው «በካህን ልብስ የተደበቀ ባላባት» የሚል ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ያ ፎቶግራፍ ነው። ወሩ ሲያልቅ ይወሰንባቸዋል ተባለ። በዚያ ዘመን «ይወሰንበታል» የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ልጅ አዋቂው ያውቅ ነበር።

ካባው የእሳቸው አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ «አዋሱኝ» ብለውኛል። ማን እንዳዋሳቸው ግን አልጠየቅሁም። እንግዲህ ያን ሰው ፈልጌ ማምጣት ነበረብኝ።

ሰኞ ጠዋት የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ገበሬ ማኅበር ሄድኩ። ሊቀመንበሩ በልጅነቱ ደወል አስደውለው የነበረ ጎረምሳ ነው።

«ለምን ጉዳይ ነው፣ ጋሽ ተክሌ?»

«ለሕክምና።»

«ምንዎትን ነው የሚያምዎት?»

«ምላሴን» አልኩት።

ወሬውን ሰምቶ ኖሮ አቀርቅሮ ሳቀ። «እሱስ ቶሎ መታከም አለበት» አለና ማኅተሙን መታልኝ፤ «እስከ ጅማ» ብሎ ጻፈበት። ባለቤቴ ቆጮ በኮባ ጠቀለለችልኝ። በእህል መኪና ወልቂጤ ገብቼ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ አውቶቡስ ያዝኩ። ወደ ጊቤ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ምድጃ ላይ እንደ መጎንበስ ነው። እኛ አገር በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ጋቢ ይደረባል፤ እዚያ ሰው ሸሚዙን ፈትቶ በኮፍያው ያራግባል። ድልድዩ ጋ ኬላ አለ፤ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። አንድ ወታደር ቆጮዬን በዱላ ወጋ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው የሚሸተው?»

«ምግብ ነው፣ ልጄ።»

«የሰው ነው የከብት?»

ባልንጀሮቹ ሳቁ። ምግብን በዱላ መውጋት! እናቱ ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ ዝም አልኩ። ከኋላዬ ያለች ሴት ግን ዝም አላለችም፤ «መርካቶን ያቆሙት እሱን በልተው ነው፣ አንተ ቀምሰኸው ቢሆን እዚህ ፀሐይ ላይ ባልቆምክ» አለችው። አሁን የሳቀው ሰልፉ ነው። እሱም ሳቁ ሲያመልጠው ፊቱን አዞረና አሳለፈን።

ሰኮሩ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ጎማ የተቀደደ ነበርና አንድ የጭነት መኪና እስኪያዋሰን ግማሽ ቀን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቆጮዬን ቆርሼ ላጠገቤ ላሉት አደልኩ፤ የወታደሩ ዱላ የነካውን ጎን ለራሴ አስቀረሁ።

ጅማ የደረስነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። አገሩ ለምለም ነው፤ ግን ቤቱ አይታይም። እኛ ዘንድ ቤቶች በጀፎረ፣ በዚያ ሰፊ የሣር መንገዳችን ዳር ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ከደጅህ ታያለህ። እዚያ ግን ቤቱ በቡናና በሙዝ ውስጥ ተደብቋል፤ ጎረቤትህን የምታውቀው በሳሉ ነው።

ቄሳችን የሰጡኝ ስም የአቶ ነጂብ ነበር፤ ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር የሚኖር በርጩማ ጠራቢ። የአባን ቤተ ክርስቲያን አግዳሚዎች የሠራው እሱ ነው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጄን ያዘኝ።

«የአባ አገር ሰው ነዎት? ኮቱ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!»

የእሱ ቤት የእስላም ቤት ነው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በአገራችን ልማድ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ምን ያህል እንደሚቸገሩብኝ እያሰብኩ ሳለ ነጂብ አንድ ቀይ አውራ ዶሮና ቢላዋ ይዞ መጣ።

«በራስዎ ባርከው ይረዱት። ድስቱም አዲስ ነው፤ ሚስቴ አሁን ከጎረቤት ገዛችው፣ ከእርስዎ በፊት ማንም አልነካውም» አለኝ።

«አንተስ ምን ትበላለህ?»

«እኔ ሽሮዬን ከጎንዎ ሆኜ እበላለሁ። ወላሂ፣ ሽሮው ዶሮውን እያየ ይጣፍጣል።»

እነዚህ ናቸው እንግዲህ ሰዎቹ፤ እንግዳቸው ነውር እንዳይሰማው ድስት የሚገዙ። እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ እንግዳን አክብሮ ማልበስን ወንጀል ብለው የሚጽፉ ነበሩ።

ረቡዕ እስር ቤቱ በር ላይ ቆምን። መግባት የለም፤ ምግብ ብቻ ይቀበላሉ። ቆጮና አይብ በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተመለሰ፤ በአራት ታጥፎ፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተከተው። ነርጋ ልጅ ሆነው እንኳ ጨርቅ የሚያጥፉት እንደዚያ ነበር። በሕይወት አሉ ማለት ነው። ጨርቁን ደረቴ ውስጥ አደረግሁት።

ከዚያ ጉዳዩን ወደያዘው ካድሬ ቢሮ ሄድን። ፎቶግራፌን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ከሥሩ በቀይ ቀለም ጽሑፍ አለበት፤ ዓይኔ አልደርስ ቢለኝ ነጂብ በጆሮዬ አነበበልኝ፤ «ሕዝብ ሲራብ፣ አባ በወርቅ ካባ» ይላል። ከሩብ ሰዓት በላይ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም። በእኔ ቤት ልጆቼ እየተሳለሙት ያደጉት ፎቶግራፍ ነው!

ካድሬው ገና ጢሙ ያልወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። «ካባው የውሰት ነው» አልኩት።

«የሁሉም ፊውዳል ካባ የውሰት ሆኗል አሁን። አዋሹ የታለ?»

«እፈልገዋለሁ።»

«እስከ ሰኞ አምጣው። ካላመጣህ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ቀድመህ የሰጠኸን ቃል ይበቃናል። ‹ደጃዝማች እንኳ ያልነበረው በቅሎ› ብለህ የለ? ጽፈነዋል።»

ቃሌን ከነሣቄ ጽፈውታል!

ሐሙስ አጋሮ መሄድ ነበረብኝ፤ ወረቀቴ ግን እስከ ጅማ ብቻ ነው። ነጂብ ከአጋሮ ቡና በሚያመጣው መኪና ላይ ሃያ በርጩማ ጫነና እኔን ከመሃላቸው አስቀመጠኝ። «ማን ነው?» ሲሉት «በርጩማ ያዤ ነው፤ ካልያዙት ይንከባለላል» ይላል። ከጅማ አጋሮ በስልሳ ዓመቴ አቅራቢያ በርጩማ አቅፌ ሄድኩ። መንገዱ በዛፍ ጥላ ውስጥ ነው የሚሄደው። እኛ አገር ዛፍ የሚተከለው ለቤትና ለአጥር ነው፤ እነሱ ትልልቁን ዛፍ የሚያኖሩት ቡናው ፀሐይ እንዳይመታው ነው። ለቡና ጃንጥላ የሚይዝ ሕዝብ ለካህን ጃንጥላ ቢይዝ ይደንቃል?

አጋሮ ገብተን ስለ ካባ ስንጠይቅ ሰው ሁሉ ደነቆረ። ሱቅ ያለው «ካባ አላውቅም» አለ፤ ቡና የሚመዝነው «እኔ ከሌላ አገር ነኝ» አለ። ሰዎቹ ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ ክሊኒኩ ደጃፍ ደክሞኝ ስቀመጥ አንዲት ረጅም፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ አሮጊት መጡና ከፊቴ ቆሙ።

«ከጠዋት ጀምሮ ካባ ካባ የሚሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«ቀስ ብለው ይበሉ እንጂ፣ ከተማውን አስጨነቁት። ካባው እኔ ዘንድ ነው።»

ሰፈሩ «የካባዋ እናት» ይላቸዋል። ካባው የእድሩ ነው፤ ከድንኳኑና ከትልልቁ ብረት ድስት ጋር የሚዋስ። በዚያ ሰፈር የሚያገባ ጎረምሳ ሁሉ፣ ደሃም ሀብታምም፣ ለሠርጉ ቀን ያን ካባ ይለብሳል፤ ከዚያ አጥፎ ይመልሳል። የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«ሊያዩት ነው የመጡት?»

«ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያስ ይቆዩ። ተራራው ላይ ሙሽራ ለብሶታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመልሳል።»

አርብ ሙሉ ቀን ቤታቸው ጠበቅሁ። ነጂብ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ፤ እኔ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፤ ሥጋ ስለሌለበት ሁለታችንም ከአንድ ገበታ በላን። አንድ ጉርሻ ከበላህ እስከ ማታ አይርብህም፤ ከእኛ ክትፎ አያንስም ብዬ ብጽፍ የአገሬ ሰው አይቀየመኝ። እየበላን የፎቶግራፉን ነገር ነገሩኝ።

አንድ ዓመት ወባ ገብቶ አጋሮን ፈጀው። ሐኪሙ ራሱ ታመመ። አባ ዘካርያስ ኪኒን በከረጢት ይዘው ከጅማ በእግራቸው መጡ። ከቤት ቤት፣ ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ አፍ ከፍተው ኪኒን አጎረሱ፤ «ማን ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድነው» አላሉም። የእኚህን ሴት ታናሽ ልጅ ሁለት ሌሊት ታቅፈው አድረዋል። በሽታው ሲበርድ በመጡበት እግራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ሕዝቡ «እንዲህማ አይሄዱም» ብሎ ያዛቸው። የሙሽራውን ካባ አለበሳቸው፣ በቅሎ ከአንድ ነጋዴ ተዋሰ፣ ፎቶ አንሺም ተጠራ።

«እሺ አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እምቢ አሉ እንጂ! ‹እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ?› አሉ። እኔ ነኝ በግድ ትከሻቸው ላይ ያደረግሁት። ‹አባ፣ ካወለቁት አንጀታችን ይቆረጣል› አልኳቸው። ከተማው ጫፍ ሲደርሱ ወርደው፣ ካባውን በአራት አጥፈው መለሱልኝ፤ በእግራቸው ሄዱ።»

በአራት አጥፈው! ደረቴ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ነካሁ።

«እናቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?» አልኳቸው ቆይቼ።

«አሁን የስም ጊዜ አይደለም» አሉ።

ነጂብ ሲመለስ ወደ ጓሮ ወስዶ ነገረኝ። ካባው ከእድሩ በፊት የአባታቸው ነበር፤ አባታቸው የአካባቢው ባላባት ነበሩ። አባት ሲሞቱ ልጅቱ ካባውን ለሰፈሩ ሰጡት፤ አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ የአባታቸውን ስም መጥራት ተዉ። በከተማው ግማሹ ሰው ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገርም። «ስማቸው ቢሮ ከገባ እሳቸውም መታሰራቸው ነው። ጋሼ፣ ካባውን ብቻ ይዘን እንሂድ» አለኝ። እኔም ልክ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ሙሽራው ራሱ ካባውን አመጣ፤ ቅቤና ሽቶ ይሸታል። በግራ ትከሻው ላይ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ቀዳዳ አለ፤ በፎቶግራፉም ላይ ያ ስፌት ይታያል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ እናት ካባውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እኔ እይዘዋለሁ። ካባ አፍ የለውም፤ ምን ብሎ ይመሰክራል?»

ለመንናቸው። ነጂብ በኦሮምኛ ለመናቸው፣ እኔ በአማርኛ። እሳቸው ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

እሑድ ጅማ ነበርን። የአባ ቤተ ክርስቲያን በሰንሰለት ተዘግቷል። ጥቂት ምእመናን አጥሩ ሥር ቆመን ጸለይን። የነጂብ አግዳሚዎች ውስጥ ባዷቸውን ተደርድረዋል፤ በመስኮት አየኋቸው። እግዚአብሔርም ሰንበቱን ውጭ ቆሞ ያሳለፈ መሰለኝ።

ሰኞ ቢሮው ደጃፍ ላይ ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ «ጥቅሉን ፍቱ» አለ። እናት ፈቱት። ጠባቂው ካባውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴውን ክር ነካ፣ ከዚያ ጮኸ።

«እንዴ! ይቺማ የሠርጌ ካባ ናት!»

«ቀስ በል፣ ትቀድደዋለህ» አሉት እናት። «ይቺን ቀዳዳ የቀደድካት አንተ ነህ፣ አጥር ስትዘል።»

የአጋሮ ልጅ ነበር። የጠባቂውን ጩኸትና ሳቅ ሰምቶ ካድሬው ወጣ። ካባውን አየው፣ ግድግዳውን አየ፣ ጠባቂውን አየ። ጠባቂው ጠመንጃውን ቀና አድርጎ ቆመ፤ ሳቁ ግን ከፊቱ አልጠፋም።

«የማን ንብረት ነው?» አለ ካድሬው።

«የእድሩ» አልኩ ፈጥኜ።

«አንተን አልጠየቅሁም። ከእድሩስ በፊት?»

ነጂብ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ «አናውቅም» ልል አፌን ከፈትኩ። እናት ቀደሙኝ።

«የአባቴ።»

«አባትሽ ማን ነው?»

ቀና አሉ፤ ቁመታቸው ከካድሬው ይበልጥ ነበር። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠሩ፤ ኮሪደር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው። «ጻፈው ልጄ» አሉ። «የባላባት ልጅ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ ቤቴ ክሊኒኩ ጀርባ ነው። እኚህ ሰውዬ ግን እንግዳችን ናቸው። እንግዳን ማልበስ ወንጀል ከሆነ ያለበስኳቸው በእነዚህ እጆቼ ነው። የለበሰ ሁሉ ባላባት ነው ካልክ ደግሞ ይኸው፣ በርህን የሚጠብቅልህ ባላባት ነው።»

ጠባቂው ፊቱ ቀላ። ከውስጥ የሚጽፍ አንድ ሰው አሳለው። ካድሬው ካባውን ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይዞ ገባ። እናትን እስከ ማታ ደጅ አስቀመጧቸው።

አባ ዘካርያስ ረቡዕ ተለቀቁ። የተሰጣቸው ወረቀት «ምሕረት ተደርጎላቸዋል» ይላል። ምሕረት! ለምኑ? ኪኒን ስላጎረሱ? በእግራቸው ስለሄዱ? ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ይቅር ባይ ሲሆን ያየሁት በዚያ ወረቀት ነው። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ብሎ በእጃቸው ይዘውት ወጡ። ገና ሲያዩኝ ምን አሉኝ?

«ተክሌ፣ እኔን ማመስገንህስ ይሁን፤ በቅሎዋን ምን አድርጊ ብለህ ነው?»

ሳቅሁ፤ ከዚያ መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውን አገር ቤት እንሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። ክሊኒኩን ተወርሰው፣ በሰንሰለት የተዘጋውን በር እያስከፈቱ፣ እዚያው ጅማ ሠርተው እዚያው አረፉ። ፎቶግራፌ አልተመለሰም። ካባውም አልተመለሰም፤ «የፊውዳል ቅርስ» ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሙሽሮች ያለ ካባ አገቡ። እናት ደግሞ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቀበሌ እየቀረቡ እንዲፈርሙ ተደረጉ፤ እየሄዱ በጣታቸው ፈረሙ። ይህን ያደረገ ሰው አንድም ቀን ተጠይቆ አያውቅም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሕይወት ታሪክ እንሰበስባለን ብለው የመጡት ሰዎች ይህን አልጻፉም፤ ስለዚህ እኔ ጻፍኩት። አጋሮ ላይ የካባዋን እናት ስማቸውን ስጠይቃቸው ጊዜው አይደለም ብለውኝ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን በጠመንጃ ፊት ጮክ ብለው ጠሩት፤ እኔም በጉልህ እጽፈዋለሁ፤ ዘሀራ አባ ቦራ።